ስም ያልነበራቸው ሁለት ቁልፎች

ሙኬላባይ ሲሎካ ጆሮ ነበረው። ጆሮማ ማን የሌለው አለ ትሉኝ ይሆናል፤ አይ፣ እንደሱ አይደለም። ካብዋታ ገበያ በር ላይ ቆሞ የሚመጣው ሚኒባስ የማን እንደሆነ፣ የፊት ጎማው ስንት ቀን እንደቀረው፣ ረዳቱ ትናንት ጠጥቶ እንዳደረ፣ ሁሉንም በድምፁ ብቻ ይነግራችኋል። እኔ በሉሳካ መንገድ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ሞተር ሲያስል ከሁለት መንገድ ማዶ ሰምቼ በሽታውን የምናገር፣ ዲፕሎማ ያላቸውን መካኒኮች አፍ ያስያዝኩ ሰው ነኝ። ለማንም ዝም ብዬ አላውቅም። እሱ ፊት ግን ዝም እል ነበር፤ ከዚህ በላይ ምስክርነት የለኝም።

ዓይኑን ኩፍኝ ነው የወሰደበት፣ የትውልድ ከተማው ሞንጉ እያለ፣ አራት ዓመት ሳይሞላው። የዚያን ዓመት ወንዙ ሜዳውን ሞልቶት ስለነበር እናቱ በታንኳ ክሊኒክ እስክታደርሰው የሆነው ሆነ። እሱ ግን ስለ ዓይኑ ሲያዝን ማንም አላየውም። የሚያዝነው ሰው ሲንቀረፈፍበት ነበር።

ሥራው ምን መሰላችሁ? መስማት። ነገሩን እኔ በገባኝ ልንገራችሁ፤ የተማሩትን ብትጠይቁ ግራ ነው የሚያጋቧችሁ። አንድ ድርጅት አፕ ይሠራል እንበል። ሆስፒታሉ ወይም መንግሥት ሊገዛው ሲል፣ ቆይ፣ ዓይነ ስውር ይጠቀምበታል ወይ፣ መስማት የተሳነው ይጠቀምበታል ወይ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥስ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በአፍ አይሆንም፣ በሰነድ ነው። ሰነዱ ሃምሳ መስመር አለው፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ነው፤ ጽሑፉ ጎልቶ ይነበባል ወይ፣ ሥዕሉ በቃል ተነግሯል ወይ፣ ቁልፉ ሲነካ ስሙን ይናገራል ወይ። ከመስመሩ ትይዩ ከሦስት አንዱ ይጻፋል። ወይ ያሟላል፣ ወይ በከፊል ያሟላል፣ ወይ አያሟላም። ከዚያ ለማብራሪያ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዋል። ገዢው ያንን አምኖ ይገዛል። ሙኬላባይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ስልኩ በገጹ ላይ ያለውን ሁሉ እያነበበለት፣ መስመር በመስመር ይፈርዳል።

ቢሮው ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር፣ ስድስት ሰው። ባለቤቱ ባ ሲዋሌ ነው፤ ‘ባ’ ለወንድም ለሴትም የአክብሮት መጠሪያችን ነው። እህቱ መስማት የተሳናት ስለሆነች ነው ይህን ሥራ የጀመረው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ በኋላ ክፉ እንዳይመስላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሙኬላባይ አጠገብ የምትቀመጠው ቾላ ናት። እሱ የሚለውን ትጽፋለች፣ ገጹንም ፎቶ ታነሳለች። የስልኩ ድምፅ ከመፍጠኑ የተነሳ ቾላ አንድ ቃል ሰምታበት አታውቅም፤ በቆሎ በጋለ ድስት ውስጥ ሲፈነዳ ነው የሚመስለው።

"ይሄ ንግግር ነው ወይስ ጉንዳኖች እየተጣሉ ነው?" ትለዋለች።

"አንቺ በዓይንሽ የምታዘግሚውን እኔ በጆሮዬ እሮጠዋለሁ" ይላታል።

ይህን ሩጫ ያስተማረችው ግን ባ ናማካው አልነበረችም። እሷ ያስተማረችው ቀስ ማለትን ነው። ባ ናማካው እሱ የተማረበት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህር ነበረች፣ እሷም ዓይነ ስውር። ሰው ሁሉ ባ ቲቸር ነው የሚላት፤ አርጅታ ጡረታ ወጥታ እዚሁ ሉሳካ ማቴሮ ሰፈር የእህቷ ልጅ ሊሴሊ ቤት ስትኖር እንኳ ዳቦ ሻጩ ሳይቀር ባ ቲቸር ነበር የሚላት። ብሬሉን፣ በጣት የሚነበበውን ባለ ስድስት ነጥብ ፊደል፣ ያስተማረችው በእንቁላል ካርቶን ነው። ካርቶኑን ስድስት ጉድጓድ ብቻ እንዲቀረው ትቆርጥና የማንጎ ፍሬ እያስገባች፣ ይሄ ፊደል ምንድን ነው ትለዋለች። ሙኬላባይ ገና ሁለቱን ፍሬ ነክቶ መልሱን ይወረውራል። ያኔ እጇን በእጁ ላይ ትጭንና፣

"ጣትህ ደርሷል፣ አንተ ግን ገና መንገድ ላይ ነህ። ስድስቱንም ንካ" ትለዋለች።

ስድስቱንም ሳይነካ ትክክል ይመልስ ነበር እኮ። እሱ ላይ ነው ነገሩ።

ካደገም በኋላ እሑድ እሑድ ዳቦ ይዞ ማቴሮ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ በቀስታ አጨብጭቦ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ጎሣቸው ሎዚ ነው፣ ሎዚዎች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ እንደዚያ ነው። እሷም ትጠይቀዋለች፦ "በዚህ ሳምንት ማንን አሳለፍክ? ማንን ጣልክ?" የፈተና ውጤት እንደሚጠይቅ ሰው። ይነግራታል። ስታደምጠው ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር እሱ አያየውም፤ እኔ ግን አንዴ ራሴ ወስጄው አይቼዋለሁ። ልጅ የዳረች እናት ትመስል ነበር።

አንድ ዓርብ እንዲህ ሆነ። ሆስፒታሎች ቀጠሮ የሚይዙበት አፕ ነበር። በሽተኛው ቀኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኩ ይጠይቀዋል፦ ይመጣሉ ወይስ ይቅር? እመጣለሁ ካለ አልጋው ይጠብቀዋል። ይቅር ካለ ቦታው ወዲያው ለሚቀጥለው ተራ ይሰጣል። ዝም ካለ ደግሞ ጠዋቱን ስሙ ይሰረዝና አልጋው ያን ቀን ባዶውን ይውላል።

"ሙኬ፣ ስንት መስመር ቀረህ?" አለ ባ ሲዋሌ፣ በር ላይ ቆሞ።

"አንድ።"

"ሰኞ ጠዋት ይፈልጉታል።"

"ቦስ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ ሁለቱም ስም የላቸውም። የመጀመሪያውን ስነካው ‘ቁልፍ’ ብቻ ይላል። ሁለተኛውም ‘ቁልፍ’ ነው የሚለው።"

"ቀጠሮውን ማረጋገጥ ቻልክ ወይስ አልቻልክም?"

"ቻልኩ። ሁለተኛው ነው ማረጋገጫው። እነዚህ ሠሪዎች መሰረዣውን ሁሌ ከፊት ነው የሚያደርጉት፣ አውቃቸዋለሁ።"

"በስንት ጊዜ?"

ቾላ ቀድማ መለሰች። "በአሥራ አንድ ሰከንድ። እኔ በሁለት ዓይኔ አሥራ ዘጠኝ ፈጀብኝ።"

"እንግዲህ ዓይኖችሽን ሽጫቸውና ጫማ ግዢባቸው" አላት ሙኬላባይ። ሦስቱም ሳቁ።

"ታዲያ ዓይነ ስውር ተጠቅሞበት እንዴት አያሟላም ትለዋለህ?" አለ ባ ሲዋሌ። "በከፊል በለው።"

ማንም አላስፈራራውም። ባ ሲዋሌ በዚህ አይታማም። ሙኬላባይ አይሆንም ቢል ኖሮ አይሆንም ተብሎ ይጻፍ ነበር። ግን ያቺ አሥራ አንድ ሰከንድ ጆሮው ውስጥ ጣፈጠችው። የራሱን ጉብዝና ለአፑ ቆጠረለት። እንዲህ ያለ ስሕተት እኔና እናንተ አንሠራውም፣ አንችልማ፤ እንዲህ የሚሳሳተው ጎበዝ ዓይነ ስውር ብቻ ነው። "በከፊል ያሟላል ብለሽ ጻፊ" አላት ቾላን። ማብራሪያው ቦታ ላይ ደግሞ፦ "ተጠቃሚው ቀጠሮውን ማረጋገጥ ይችላል።" የትኛው ተጠቃሚ? እሱ።

እሑድ ማቴሮ ሄደ።

"በዚህ ሳምንት ማንን አሳለፍክ?"

"ያንን የሆስፒታሎቹን የቀጠሮ አፕ፣ ባ ቲቸር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ በከፊል።"

"የእኔ ሆስፒታል ሊጀምርበት ነው የተባለውን?" ሆዷ ውስጥ እባጭ ወጥቶባት ነበር፣ ሊያወጡላት ቀን ቆርጠውላታል። "ጥሩ። እንግዲያው ቀጠሮዬን ራሴ አረጋግጣለሁ። ሊሴሊ አንብቢልኝ ካልኳት ስለ ሆዴ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል።"

ሊሴሊ ከጓዳ፣ "ሰምቻለሁ እኮ" አለች።

"እንድትሰሚ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የራሴን ገመና ሰው ነው ሲያነብልኝ የኖረው። አንድ ቀን እኔ ላንብበው።"

"ቢያስቸግርዎ ይደውሉልኝ" አላት ሙኬላባይ።

"የፈተንከው አንተ አይደለህ? ምን ያስቸግረኛል።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ፣ ኦፕሬሽኑ አልሆነም አለችው። ተራው አራት ወር ተላለፈ፣ ሆስፒታል ነዋ፣ ምን ይደረጋል። እሱም ሆስፒታሉን ሰደበላት፣ ሌላ ነገር አልጠረጠረም። ዳቦውን አስቀምጦ ሄደ። በየእሑዱ ድምፅዋ እየሳሳ ሲመጣ ግን ሰምቷል። የሚኒባስ ጎማ የሚሰማ ሰው ያንን አይሰማም ማለት አይቻልም። አራተኛው ወር ገና ሳይጋመስ ሞተች።

ለቅሶው ማቴሮ ነበር። ሴቶቹ ቤት ውስጥ መሬት ላይ፣ ወንዶቹ ውጭ አግዳሚ ላይ። እዚህ አገር ያለ የቀልድ ዘመድ ለቅሶ አይሆንም። የቶንጋና የሎዚ ጎሣ ሰው ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመድ ነው፤ ሎዚ ሲሞት ቶንጋው ይመጣና በሬሳው፣ በሐዘንተኛው፣ በሁሉም ይቀልዳል፣ የፈለገውን ይናገራል፣ መቆጣት ነውር ነው። እኔ ቤምባ ነኝ፣ የእኛ ደግሞ ንጎኒዎች ናቸው። አንዴ ቺፓታ ከተማ የንጎኒ ሽማግሌ ሞቶ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ ተኝቼ ዶሮ ካልሰጣችሁኝ አልወጣም አልኳቸው። ሁለት ዶሮ ነው የሰጡኝ። እንደኔ የቀለደ በዚያ አገር እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ ጠይቁ። ለምን መሰላችሁ የሚቀለደው? ሐዘን አንጀት ውስጥ ሲታሰር ይገድላል። አንድ የሚፈታው ሰው ያስፈልጋል።

በዚያ ለቅሶ ላይ ቶንጋው ጎረቤቷ ባ ቾንጎ ነበር፣ የፊት ጥርስ የሌለው ረጅም ሽማግሌ፣ ሆስፒታል የሚያመላልሳት እሱ ነበር። የእሷን ሻሽ ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ስልኳን ይዞ መሀል ገባ።

"እናንተ ሎዚዎች ላገኛችሁት ሁሉ ስታጨበጭቡ ኖራችሁ፣ ይቺ ደግሞ ለስልክ ስታጨበጭብ ሞተች" አለ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ባ ቾንጎ ድምፁን እንደ ስልኩ አቀጠነ። "‘ቁልፍ’ አላት። ‘የምን ቁልፍ ነዎት ጌታዬ?’ አለችው። ‘ቁልፍ’ አላት። ወደ ጎን ሄደች። እዚያም ‘ቁልፍ’። ሎዚ ናትና ቀድሞ የመጣውን እንግዳ ቀድሜ ላክብር ብላ የመጀመሪያውን ተጫነችው። በቀጠሮዋ ቀን ሽክ ብላ ሆስፒታል ብወስዳት ስሟ የለም። ማነው የሰረዘው ብለን ብንጮህ፣ እርስዎ ነዎት እማማ አሏት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሴቶቹ ከውስጥ እያለቀሱ ሳቁ። ሙኬላባይ አልሳቀም። ተነስቶ በሳቁ መሀል እየዳበሰ ባ ቾንጎ ድረስ ሄደ።

"ባ ቾንጎ፣ ይሄ ቀልድ ነው ወይስ የሆነ ነገር ነው?"

"ዛሬ ቀልድ ነው። ያን ቀን አልነበረም።"

"ለምን አልነገረችኝም?"

ባ ቾንጎ ሻሹን ከራሱ ላይ ፈታ። "‘ተማሪዬ አልፏል ያለውን እኔ ካቃተኝ ያረጀሁት እኔ ነኝ’ አለችኝ። እንዳልነግርህ አስማለችኝ። ዛሬ ግን የቀልድ ዘመድ ነኝ፣ መሐላም አያስረኝም። ውሰድ።" ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

ሙኬላባይ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፣ እንደ እሷ። አንድ ቃል ይናገራል፣ ያርፋል፣ ሌላ ይናገራል። እሱ እንዲህ ቀስ ያለ ድምፅ ከልጅነቱ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። ወደዚያ ገጽ ሄደ። ቁልፍ፣ አለው። ዝም። ቁልፍ። በሁለቱ መሀል ሰው የሚፈራበት ጊዜ ነበር። አሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ያ ጊዜ የለም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ደግሞ በፈተናው ቀን ጭራሽ እንዳልተጫነው አሁን ገና ትዝ አለው፤ ቢጫነው ኖሮ ቀጠሮ ሲሰረዝ ስልኩ ምንም እንደማይናገር ያውቅ ነበር። ስድስቱንም ጉድጓድ አልነካም።

ሰኞ ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ "ቦስ፣ ያቺ መስመር ትቀየር" አለ።

ባ ሲዋሌ ታሪኩን ሰማ። "ነፍሷን ይማር" አለ ከዚያ። "ግን ሙኬ፣ ሰነዱ ከወጣ ሦስት ወር አልፎታል። በዚያ ሰነድ አምነው የገዙ ሆስፒታሎች አሉ። ተሳስተን ነበር ብንል ማን ከእንግዲህ የኛን ወረቀት ያምናል? በዚህ ሥራ ስድስት ቤተሰብ ነው የሚያድረው።"

"ድርጅቱ ተሳሳተ አትበል። እኔ ተሳሳትኩ በል። ስሜን ጻፈው።"

"ስምህ እዚያ ላይ ከወጣ ማንም ከእንግዲህ እሱ ይፈትንልን አይልም። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"ሥራህ እኮ ነው፣ ወንድሜ።"

"ሥራውን የሰጠችኝ እሷ ናት።"

ባ ሲዋሌ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ታች ቧንቧ ሲቆርጡ ይሰማል። "ቾላ፣ የሚልሽን ጻፊለት" አለና ወጣ።

ሙኬላባይ ቀስ ብሎ አስጻፋት፦ "አያሟላም። ሁለቱ ቁልፎች ስም የላቸውም፣ ቀጠሮ ሲሰረዝም በድምፅ አይነገርም። ቀደም ሲል በከፊል ያሟላል የተባለው ፈታኙ በልምዱ ገምቶ ስላለፈ ነው፤ ገምቶ ማለፍ መጠቀም አይደለም። ስሕተቱ የፈታኙ ነው። ፈታኝ፣ ሙኬላባይ ሲሎካ።"

የቾላ እጅ ቆመ። "ስለ ባ ቲቸርስ የት ልጻፍ?"

"ለሷ መስመር የለውም።"

ሰነዱ ከወጣ በአራተኛው ቀን ከአፑ ሠሪዎች አንዱ ደወለ፣ ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት። "ጋሼ፣ አስተካክለነዋል። ‘ሰርዝ’ እና ‘አረጋግጥ’ የሚሉ ሁለት ቃላት ጨመርን፣ ሲሰረዝም እንዲናገር አደረግን። ከባድ አልነበረም፣ ከምሳ በፊት ጨረስኩት።"

"ጎበዝ" አለው ሙኬላባይ፣ ስልኩንም አስቀመጠ። ያን ቀን ቾላ የበቆሎ ገንፎ ንሺማና ካፔንታ የምንለውን ደቃቅ ዓሣ ገዝታ ከፊቱ ብታስቀምጥለት አልነካውም። ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በፊት እያለ ዋለ።

ባ ሲዋሌ ያለው ደረሰ። ድርጅቶቹ አንድ በአንድ፣ ሌላ ሰው ይፈትንልን አሉ፤ አንዱ እንደውም ያ ራሱን የከሰሰው አይሁን ብሎ ጻፈ። ባ ሲዋሌ አላባረረውም፣ በሳምንት ሁለት ቀን የቢሮውን ስልክ እንዲያነሳ አደረገው። ሙኬላባይም የራሱን ስልክ ድምፅ ዝግ እንዲል፣ እንደ እሷ አደረገው። ካብዋታ ገበያ በር ላይ ስናገኘው ስለ ሚኒባሶቹ ብንጠይቀው፣ "ቆዩ፣ ይድረስ" ማለት ጀመረ። እኔ እንኳ ደፍሬ ያኔ አወራሁት።

እሑድ ማቴሮ መሄዱን አልተወም። የባ ቲቸርን ስልክ ሊሴሊ ለሱ ሰጥታው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አዳመጠ። ዝግ ያለው ድምፅ ቃል በቃል አነበበለት።

"ምንድን ነው?" አለች ሊሴሊ ልብስ እያሰጣች።

"የባ ቲቸር ተራ ደርሷል። ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ይመጣሉ ወይ ይላል።"

ሊሴሊ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ቀረች። "መሞቷን አያውቅም እንዴ?"

"ማን ነግሮት?"

ገጹን ከፈተ። የመጀመሪያውን ነካ። ሰርዝ፣ ቁልፍ፣ አለው። ሁለተኛውን ነካ። አረጋግጥ፣ ቁልፍ። ጥርት ብሎ፣ ሕፃንም አይስተውም። ጣቱን ሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ አሳረፈው። ሊሴሊ አፏን ይዛ ታየዋለች። ዝም ቢለው ያ አልጋ ያን ቀን ባዶውን ነው የሚውለው፤ ከባ ቲቸር ቀጥሎ ደግሞ ሆዱን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሁለት ጊዜ በቀስታ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፣ ስሙን እስኪጨርስ ጠበቀውና ተጫነው።

ቀጠሮዎ ተሰርዟል፣ አለው ስልኩ፣ ቀስ ብሎ።